ወፍ በእርሳስ ለመሳል ከእንቁላል እንጀምር

«በዚህ ዕድሜዬ፣ እጄም እየተንቀጠቀጠ፣ ምን ሥዕል እስላለሁ?» ትሉ ይሆናል። ወፍ መሳል ግን ከእጅ ይልቅ ዓይን ይፈልጋል። አንድ እርሳስ፣ ላጲስና ወረቀት ይበቃል።

ለመጀመሪያ ዱኪፋትን እንውሰድ። በ2008 እ.ኤ.አ. የእስራኤል ብሔራዊ ወፍ ሆና የተመረጠችው ናት፤ መናፈሻው ሣር ላይ ስትለቅም ታዩአታላችሁ።

1. ሰውነቷ ወዴት እንዳዘነበለ አይታችሁ አንድ ስስ መስመር አስምሩ።

2. በመስመሩ ላይ ለሰውነቷ እንቁላል፣ ለራሷ ትንሽ ክብ ሳሉ። እርሳሱን አትጫኑት፤ ኋላ በላጲስ ይጠፋል።

3. ረጅምና ጎበጥ ያለ ምንቃሯን፣ ጫፉ ጥቁር የሆነውን ቁንጮዋንም ጨምሩ።

4. ላባዋን አንድ በአንድ አትሳሉ። የክንፏን ጥቁር መስመሮች ብቻ አጥቁሩ፤ ነጩን ወረቀቱ ራሱ ይሰጣችኋል።

5. ዓይኗን ስታጠቁሩ ትንሽ ነጭ ነጥብ ተዉ፤ ሕይወት የምትዘራው በዚያች ነጥብ ነው።

እጃችሁ ቢንቀጠቀጥ አትስጉ። ላባ ቀጥ ያለ ጠርዝ ስለሌለው አጫጭርና ያልተስተካከለ መስመር ይስማማዋል።

የልጅ ልጃችሁ አማርኛ ባይሰማ እንኳ ሥዕሉን ሲያይ «ዱኪፋት!» ይላል። ጨዋታው ከዚያ ይጀመራል።