የጋምቤላ ሙቀት፣ የጎሬ ዝናብ

ጋምቤላና አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ያላቸው ርቀት ተቀራራቢ ነው፤ አንዷ 8ኛው፣ ሌላዋ 9ኛው ዲግሪ ሰሜን ላይ ናቸው። ሆኖም በየካቲትና በመጋቢት ጋምቤላ ውስጥ በባሮ ወንዝ ዳር የቀኑ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ሲጠጋ፣ አዲስ አበባ በማለዳ ጋቢ ታስደርባለች። ይህን ያመጣው ከፍታ ነው። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ በስተምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ጎሬ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ስለሚቀዘቅዝ በሁለቱ መካከል ወደ 10 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት ይጠበቃል፤ ያለውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ተራራ ለፀሐይ ይቀርብ የለም ወይ የሚል ይኖራል። 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ለምትርቅ ፀሐይ የሁለት ኪሎ ሜትር መቅረብ ከቁጥር አይገባም። አየሩን በዋናነት የሚያሞቀው ፀሐይ ያጋለችው መሬት ነው፤ አየሩ ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ ይቀልለታል፣ ይሰፋል፣ ሲሰፋም ይቀዘቅዛል።

ጠንከር ያለው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ከፍታ ሁሉን ከወሰነ ጋምቤላና አፋር ለምን አይመሳሰሉም? ሁለቱም ቆላ ናቸው፣ ሁለቱም ያቃጥላሉ። ይሁንና ጋምቤላ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ስታገኝ፣ በታችኛው አዋሽ ያለችው ዱብቲ የዚያን ሩብ እንኳ ማግኘቷ ያጠራጥራል። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ የሚለው የአባቶች አከፋፈል ሙቀቱን በሚገባ ይነግረናል፤ ዝናቡን ለማወቅ ግን ቦታው ከደጋው በየትኛው ወገን እንዳለ መጠየቅ ግድ ነው። በክረምት ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው እርጥብ አየር መጀመሪያ የሚያገኘው የጋምቤላን ሜዳ ነው፤ ከዚያ ከኢሉባቦር ዳገት ጋር ይላተምና ሽቅብ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ውሃውን ያራግፋል። ጎሬ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ የምታገኘው በዚህ ነው። አፋር ሲደርስ የተረፈው ጥቂት ነው፤ ቁልቁል የወረደ አየርም ስለሚሞቅ ደመናው ይበተናል። ከጎሬ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ የሚወርድ መንገደኛ ይህን በዓይኑ ያያል። ቡና የተጠለለበት ጥቅጥቅ ደን እየሳሳ ሄዶ ረጅም ሣርና የተራራቁ ዛፎች ይተኩታል።

ጋምቤላም የራሷ ዝናብ አላት፤ ታዲያ የጎሬ ዝናብ ምን አገባት? መልሱ ባሮ ነው። ወንዙን የሚሠሩት ብርብርና ገባ ከደጋው ይነሣሉ፤ ባሮም የሚሞላው እዚያ በጣለው መጠን ነው። በ1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት የንግድ ጣቢያ ከተከፈተ በኋላ ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ጋምቤላ የሚደርሱት በሙላቱ ወራት ብቻ ነበር። በበጋ የደጋው ቡና ወደቡ ላይ ተከማችቶ ይጠብቃቸው ነበር። ዛሬም ውሃው ሲሸሽ የአኙዋ ገበሬዎች በተወው እርጥብ ደለል ላይ በቆሎ ይዘራሉ፤ ያንን በቆሎ የሚያበቅለው ወራት ቀደም ብሎ ተራራው ላይ የዘነበው ውሃ ነው። ያው ውሃ ሲበዛ፣ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. እንደታየው፣ ሜዳውን ያጥለቀልቃል። ስለዚህ በደጋው ያሉት የጎሬና የመቱ የዝናብ ልክ በየዕለቱ በሜዳው ኢታንግና ጂካዎ ላለው ሰው ሊነገረው ይገባል፤ ሙላቱ ከደጋ ወርዶ ሜዳ እስኪደርስ ባለው ጊዜ ከብት ማሸሽና እህል ከፍ ማድረግ ይቻላል።