የልጁ ቃል የት ገባ? የሕፃናት ጥበቃ ሥራ በሎስ አንጀለስ

በሎስ አንጀለስ ከኦሊምፒክ እስከ ፒኮ ጎዳና ያለው የፌርፋክስ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ ተሰይሟል። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እያለ ያደገ ኢትዮጵያዊ ወላጅ እዚህ አገር ሲኖር የልጅን ቃል ከቁም ነገር የሚቆጥር ሥርዓት ይገጥመዋል።

ሥራው በጥቆማ ይጀምራል። መምህርም ሆነ ሐኪም ልጅ መጎዳቱን ከጠረጠረ ወዲያው መደወል፣ በ36 ሰዓት ውስጥም በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። በመጠኑ መቀመጫን ቸብ ማድረግ በካሊፎርኒያ ሕግ ከባድ ጉዳት አይባልም፤ የቀበቶ ሰንበር ግን የካውንቲውን (የአካባቢውን አስተዳደር) የሕፃናት ጥበቃ ሠራተኛ ደጅ ሊያመጣ ይችላል። ጉዳዩ ሞንትሬይ ፓርክ ወዳለው የኤደልማን የሕፃናት ፍርድ ቤት ካመራ ለልጁ የራሱ ጠበቃ ይቆምለታል። 10 ዓመት የሞላው ልጅ ችሎት ካልቀረበ፣ የመገኘት መብቱ ተነግሮት እንደሆነ ዳኛው ያጣራሉ።

ሕጉ ብቻውን አላዳነም። በፓልምዴል የ8 ዓመቱ ጋብርኤል ፈርናንዴዝ፣ እናት ልጇን መምታቷ የተለመደ ነው ወይ ብሎ የክፍሉን መምህርት ጠየቀ። መምህሯ በዚያው ቀን ደወለች፤ ደጋግማም አሳወቀች። ልጁ እ.ኤ.አ. በ2013 ግንቦት ላይ ሞተ። ካውንቲውም አሠራሩን የሚመረምር ኮሚሽን አቋቋመ።

ልጅን ለማናገር ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ ከኒውዚላንድ የመጣው «ሦስቱ ቤቶች» ነው። ልጁ ሦስት ቤት ይሥላል፤ በአንዱ ደስ የሚለውን፣ በሌላው የሚያስጨንቀውን፣ በሦስተኛው የሚመኘውን ያስገባል። ሠራተኛው ጥያቄ ከማዥጎድጎድ ይልቅ ሥዕሉን እየተከተለ ያወራዋል።

በእኛ ሰው ቤት ግን ሌላ እንቅፋት አለ። እንግሊዝኛውን የሚችለው ልጁ ሲሆን አስተርጓሚ ይደረጋል፤ ያኔ በራሱ ላይ የደረሰውን በደል በእናቱ ፊት ሊተረጉም ነው። አስተርጓሚው የቤተ ክርስቲያን ወይም የእቁብ ሰው ከሆነም «ገበናችን ወጣ» የሚል ስጋት ይነሣል። ስለዚህ ከቤተሰቡ ጋር የማይተዋወቅ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ልጁም ለብቻው መናገር አለበት።

ልጅን መስማት ማለት ያለውን ሁሉ መፈጸም አይደለም። የተመታ ልጅም ቤቱን ይናፍቃል፤ መለየቱ ራሱ ሌላ ቁስል ነው። ሕጉ ልጁን ተቀብሎ ለማሳደግ ለአያት፣ ለአክስትና ለአጎት ቅድሚያ የሚሰጠው ለዚህ ነው። ዘመዱ አዲስ አበባ ለቀረ ቤተሰብ ግን ይህ በር ጠባብ ነው። አማርኛ የሚያወሩ አሳዳጊ ቤተሰቦች ከማኅበረሰቡ ቢነሡ፣ አማርኛ የሚቀለው ልጅ የሚሰማውን በቋንቋው የሚነግረው ሰው ያገኛል።