ኮምፒዩተርን የሚወድ ሰው ሰውነቱንም ይጠብቅ

የሚወዱትን ሥራ መያዝ መልካም ዕድል ነው። ሆኖም ሥራውን አጥብቆ የሚወድ ሰው የሰውነቱን ጥሪ ቶሎ አይሰማም፤ ራበኝ፣ ደከመኝ፣ አንገቴን አመመኝ ማለትን ለኋላ ያቆየዋል። ይህም ጠባይ ኮምፒዩተር በሚወዱ ሰዎች ዘንድ ጐልቶ ይታያል።

ኮምፒዩተር ዛሬ ለወልቂጤ ሰው እንግዳ ዕቃ አይደለም። በወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን የሚከታተሉ ወጣቶችም፣ በየመሥሪያ ቤቱ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ሠራተኞችም ብዙ ሰዓት ከፊቱ ተቀምጠው ይውላሉ። ፊደላችንም በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ ስለ ገባ፣ በገዛ ቋንቋችን የምንሠራበት መሣሪያ ሆኗል። ስለዚህ እኛ ይህን ፍቅር ተዉት አንልም። የምንለው፣ ለዕድሜ ልክ የታሰበ ፍቅር ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ሰውነት ያስፈልገዋል ነው። ጉዳቱ በአብዛኛው የሚመጣው ከመሣሪያው ሳይሆን፣ ሳይነሡና ሳይንቀሳቀሱ ለረጅም ሰዓት ከመቆየት ነውና።

በመጀመሪያ ስለ ዓይን እንናገር። ዓይን በስክሪን ላይ ሲያተኩር መርገብገቡን ስለሚቀንስ ይደርቃል፣ ይቆጠቁጣል፣ ይቀላል። በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር ያህል ርቆ ወዳለ ነገር ለ20 ሴኮንድ መመልከት ዓይንን ያሳርፋል።

ሁለተኛው አንገትና ወገብ ነው። የሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ወደ ፊት ባዘነበለ መጠንም የአንገት ጡንቻዎች ሸክም ይበዛል። ስለዚህ የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ በዓይን ትክክል ይሁን፤ ጀርባ ይደገፍ፤ እግር መሬት ይርገጥ። ላፕቶፕ የሆነ እንደሆነ፣ ከሥሩ ወፍራም መጻሕፍት ደርቦ ከፍ ማድረግና ሌላ ኪቦርድ መጨመር ይበጃል።

ሦስተኛው እጅ ነው። በአውራ ጣት፣ በጠቋሚና በመካከለኛው ጣት ላይ በተለይ ሌሊት የሚሰማ መደንዘዝ፣ በእጅ አንጓ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ መጨቆኑን ሊያመለክት ይችላል። ይህን ለብዙ ጊዜ ቸል ያለ ሰው በአውራ ጣቱ ሥር ያለው ጡንቻ እስከ መክሳት፣ የያዘውም ዕቃ ከእጁ እስከ መውደቅ ሊደርስ ይችላል። መደንዘዙ የሚደጋገምበት ሁሉ ሳይዘገይ ሐኪም ዘንድ ይቅረብ።

አራተኛው እንቅልፍ ነው። የስክሪን ብርሃን እንቅልፍን ያዘገያል፤ በቡና ኃይል ነቅቶ ማደርም ሌሊቱን ከመስረቅ በቀር ለነገው ሥራ አይጠቅምም። ከመኝታ አንድ ሰዓት አስቀድሞ መሣሪያውን መዝጋት መልካም ልማድ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን መንቀሳቀስ ያስፈልጋል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ፈጠን ብሎ እንደ መራመድ ያለ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ መክሯል። ዝቅተኛው መጠንም በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ማለት ነው። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም። የጉራጌ አባቶች በየመንደሩ ቤቶች ፊት ለፊት ጀፎረ የሚባለውን ሰፊና ለምለም መንገድ ከልለው አቆይተውልናል። ሕዝብ ይሰበሰብበታል፤ ልጆች ይጫወቱበታል። ለዕረፍት ወደ ቤተ ሰቡ የሚመለስ ተማሪም ማለዳና ማታ ቢራመድበት እግሩ ይፍታታል፤ ዓይኑም ሩቅ ማየትን ያገኛል። በከተማ ያለውም ከሥራ ሲወጣ ጥቂት መንገድ በእግሩ ይሂድ።

ወላጆችም ኮምፒዩተር የሚወድ ልጃቸውን በቁጣ ከማራቅ ይልቅ፣ በየመካከሉ ለምሳ፣ ለመላላክና ለጨዋታ ቢጠሩት ይሻላል። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ እንዲሉ፣ ዛሬ በየሰዓቱ ለጥቂት ደቂቃ ከወንበሩ የሚነሣ ሰው፣ የሚወደውን ሥራ በስተርጅናውም ሊሠራ የሚችልበትን ኃይል ያከማቻል።