ከጎጀብ እስከ በሻሻ፦ የኢትዮጵያ ጠቅላይ ሚኒስትሮች እንዴት ገቡ፣ እንዴት ወጡ

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ምርጫ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ድምፃቸውን የሰጡት በጅማ ዞን ካለችው ከአጋሮ ከተማ ብዙም በማትርቀው በትውልድ ቦታቸው በሻሻ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የገቡትም ይኸው አካባቢ መርጧቸው ነው። አሁን በሥራ ላይ ባለው ሕገ መንግሥት መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትር የሚሾመው ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ነው። ስለዚህ ወደ ወንበሩ የሚወስደው መንገድ ሲያንስ ሲያንስ በአንድ ወረዳ የምርጫ ጣቢያ ማለፍ አለበት። ከዚያ በፊት በነበረው ረጅም ዘመን ግን መነሻውም መድረሻውም ቤተ መንግሥት ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች የሾሙት በ1900 ዓ.ም. ነው። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የጦር፣ አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርድ ሚኒስትር ሆኑ። ግብፅ በዚህ 30 ዓመት ያህል ቀድማናለች፤ ኑባር ፓሻ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትሯ የሆኑት በ1870 ዓ.ም. ነበር። እዚያም ቢሆን ወንበሩ ቶሎ ደም ነካው፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ቡትሮስ ጋሊ በ1902 ዓ.ም. ካይሮ ውስጥ በጥይት ተገደሉ።

የአጋሮና የጅማ ሰው ከዚህ ታሪክ ጋር የተገናኘው በጠላት ወረራ ዘመን ነው። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ውጭ ሲሰደዱ የመንግሥቱ መቀመጫ ወደ ጎሬ ተዛወረ፤ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹም የዚያ ጊዜያዊ መንግሥት መሪ ሆኑ። ከጅማ ተነሥቶ በአጋሮ፣ በበደሌና በመቱ የሚያልፈው መንገድ ዛሬም ጎሬ ያደርሳል። ጣሊያን ጎሬን ከያዘ በኋላ የእንደራሴው የራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጦር ወደ ደቡብ አፈገፈገ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ከጅማ በስተደቡብ ባለው የጎጀብ ወንዝ ዳር ተከበው እጃቸውን ሰጡና ወደ ጣሊያኗ የፖንዛ ደሴት ተጋዙ። እኚህ ሰው ከሃያ አራት ዓመት በኋላ፣ ለጥቂት ቀናት ብቻ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር መባላቸው አይቀርም ነበር።

ከነጻነት በኋላ በ1935 ዓ.ም. የወጣው ትእዛዝ የሚኒስትሮችን ሥልጣን ሲደነግግ፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ቦታ በሕግ ተተከለ። ቦታውን እስከ 1950 ዓ.ም. የያዙት ልብ ወለድ ጸሐፊው መኰንን እንዳልካቸው ናቸው። ማዕረጉ የእሳቸው ይሁን እንጂ እስከ 1947 ዓ.ም. ድረስ ጉልበቱ በጽሕፈት ሚኒስትሩ በጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ እጅ ነበር፤ የሁለቱም ጌታ ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። የጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት የተከፈተው በዚያ ዘመን፣ በአሜሪካ ድጋፍ ነው። ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ኮሌጅ ሆኖ ለቡና አምራቹ የሚተርፍ ዕውቀት ያወጣል። ከመኰንን ዘመን ለዚህ አካባቢ የቀረ ቋሚ ነገር ቢኖር እሱ ነው።

ቀጥሎ የመጡት አርበኛው ራስ አበበ አረጋይ ናቸው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መንግሥቱ ንዋይና ገርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ ራስ አበበ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው ከሌሎች ሹማምንት ጋር ተረሸኑ። ጠንሳሾቹ በሬዲዮ ጠቅላይ ሚኒስትር ያሏቸው ያንኑ የጎጀቡን ምርኮኛ፣ ራስ እምሩን ነበር። ሙከራው በቀናት ከሸፈ፣ ሹመቱም አብሮ ጠፋ።

በዚያው ዓመት የተሾሙት ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ 13 ዓመት ቆዩ። ፓሪስ የተማሩ፣ በውጭ ጉዳይ የተካኑ ሰው ነበሩ። በ1958 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚኒስትሮቹን ራሱ መርጦ እንዲያቀርብ ተፈቀደ። በወረቀት ትልቅ እርምጃ ነው፤ የመጨረሻው ቃል ግን ከዙፋኑ አልወረደም። የካቲት 1966 ዓ.ም. ሠራዊቱ፣ መምህሩ፣ ተማሪውና ታክሲ ነጂው ሲያምጹ አክሊሉ ለቀቁ፣ ታሰሩም። ማስታወሻቸውን የጻፉት እዚያው እስር ቤት ሆነው ነው። የተኳቸው የመኰንን ልጅ፣ በኦክስፎርድ የተማሩት ልጅ እንዳልካቸው መኰንን ወንበሩ ላይ አምስት ወር እንኳ አልሞሉም።

ከእሳቸው ቀጥሎ የመጡት ደግሞ የራስ እምሩ ልጅ ሚካኤል እምሩ ናቸው። አባትና ልጅ፣ አባትና ልጅ፤ በዙፋኑ ዙሪያ የነበረው ክበብ ምን ያህል ጠባብ እንደነበር ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ንጉሠ ነገሥቱን ያወረደው ወታደራዊ ደርግ 60 የሚሆኑ ሰዎችን ያለ ፍርድ ሲረሽን አክሊሉም እንዳልካቸውም ከመካከላቸው ነበሩ። ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች በአንድ ሌሊት ሞቱ። ፍርድ ቤት ቀርበው ቢሆን ኖሮ አገሪቱ ስለ ራሷ ምን ያህል ትማር እንደነበር ማሰብ ያማል።

ቀጥሎ ለ13 ዓመት ያህል ጠቅላይ ሚኒስትር የሚባል አልነበረም። የሚገርመው፣ የአጋሮን ጭሰኛ ሕይወት ከማንኛውም ሹመት በላይ የለወጠው የየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው በዚሁ ዘመን ነው። ወንበሩ በ1979 ዓ.ም. ማብቂያ ሲመለስም ሥልጣኑ ከፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አልራቀም። ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ በ1982 ዓ.ም. ወረዱ፤ ደርግ ሲወድቅ ታስረው 20 ዓመት ቆዩ። ተጠባባቂው ኃይሉ ይመኑ አዲስ አበባ በሚገኘው የጣሊያን ኤምባሲ ተጠግተው እዚያው ሞቱ። ተስፋዬ ዲንቃ አንድ ወር ያህል ነው የሠሩት፤ ለድርድር ለንደን ሳሉ ዋና ከተማቸው ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ተያዘች።

ከደርግ ውድቀት በኋላ በመጣው የሽግግር ዘመን ታምራት ላይኔ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። ኋላ በሙስና ተከሰው 12 ዓመት ታሰሩ። ወንበሩ እውነተኛ ጉልበት ያገኘው በ1987 ዓ.ም. በመለስ ዜናዊ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ የጦር ኃይሉን ጠቅላይ አዛዥነት ሳይቀር ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ሰጠ። የቡና ግብይት ወደ ምርት ገበያ የገባውም በመለስ ዘመን ነው፤ የአጋሮ ነጋዴ የዋጋ ወሬ ከአዲስ አበባ መጠበቅ ለመደ። መለስ ነሐሴ 14 ቀን 2004 ዓ.ም. ብራስልስ ላይ በሕመም አረፉ። ምክትላቸው ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ተኳቸው፤ በኦሮሚያና በአማራ የተቀጣጠለው ተቃውሞ ግን አልበርድ አለ። የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. መልቀቂያ ማቅረባቸውን ራሳቸው በቴሌቪዥን አስታወቁ፤ ተተኪያቸው ቃለ መሐላ ሲፈጽሙም በምክር ቤቱ ተገኙ። ከዚያ ወዲህ ያልታሰሩ፣ ያልተሰደዱ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው መኖራቸው ትንሽ ነገር አይደለም።

መጋቢት 24 ቀን 2010 ዓ.ም. የተሾሙት ዐቢይ አሕመድ የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት በጅማ ዞን የሃይማኖት ግጭት ላይ ነው። በ1999 ዓ.ም. በበሻሻና በአካባቢዋ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤታሞች ደም ተፋሰው ነበር። ከኤርትራ ጋር ባወረዱት ሰላም በ2012 ዓ.ም. የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጣቸው። ዓመት ሳይሞላ፣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው የትግራይ ጦርነት እጅግ ብዙ ሕይወት በልቶ በፕሪቶሪያ ስምምነት የቆመው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። አጋሮ ልጇን ትኮራበታለች፤ ያ ኩራት ግን የጦርነቱን ጥያቄ አይመልስም፣ መመለስም የለበትም።

ከ1935 ዓ.ም. ወዲህ በኢትዮጵያ አንድም ጠቅላይ ሚኒስትር በምርጫ ተሸንፎ ወንበሩን አልለቀቀም። ሕገ መንግሥቱ ፕሬዚዳንቱ ከሁለት የሥራ ዘመን በላይ እንዳይመረጥ ሲከለክል፣ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ገደብ አላስቀመጠም። ዘመኑ የምክር ቤቱ ዘመን ነው፤ ያም አምስት ዓመት ሆኖ እየታደሰ ሊቀጥል ይችላል። ሥልጣን የሌለው በሁለት ዙር ሲወሰን፣ ጦሩንና ካቢኔውን የሚያዘው ያለ ወሰን መተዉ በግልጽ ሊነሣና ሊታረም የሚገባው ጉድለት ነው። የማሻሻያው ሥርዓት በአንቀጽ 104 እና 105 ተጽፎ ይገኛል፤ ሐሳቡን ማመንጨት ከሚችሉት መካከል አንዱ የበሻሻም ሆነ የሌላው ወረዳ መራጭ ወኪሉን የሚልክበት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው።