ደራሲው አሳታሚ ሲሆን፦ የመጀመሪያ ታሪካዊ ልብ ወለድና የአርታዒው ወንበር

ታሪካዊ ልብ ወለድ በእርግጥ የነበረን ዘመን መቼት አድርጎ፣ በታሪክ የሚታወቁ ሰዎችንና ድርጊቶችን ደራሲው ከፈጠራቸው ገጸ ባሕርያት ጋር አዋሕዶ የሚተርክ የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ሲሆን፣ በአማርኛ የብርሃኑ ዘርይሁን «የቴዎድሮስ እንባ» እና የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» ሁለቱም የዐፄ ቴዎድሮስን ዘመን መነሻ አድርገው ስመ ጥር ሆነዋል። ዛሬ የዚህ ዓይነት ረቂቅ ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አንባቢ ለመቅረብ የሚነሣ ደራሲ፣ ብዙውን ጊዜ የኅትመት ወጪውን ከራሱ ቁጠባ ወይም ከወዳጅ ዘመድ ብድር ሸፍኖ መጽሐፉን ራሱ ያሳትማል። ይህ ውሳኔ ሲነሣ ሁሉም ቀድሞ የሚያወራው ስለ ገንዘቡ ነው፤ ይሁን እንጂ በታሪካዊ ልብ ወለድ ረገድ ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው፣ ደራሲው ሳያስተውለው የሚረከበው የአርታዒነት ኃላፊነት ነው።

መጽሐፍን በራስ አቅም ማሳተም በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጎሐ ጽባሕ የተባለ ማተሚያ ቤት አቋቁመው የራሳቸውን ሥራዎች ያሳተሙበት ሲሆን፣ ከእርሳቸው በኋላ የመጡ ደራስያንም ከማተሚያ ቤት ጋር በቀጥታ እየተዋዋሉ ሥራዎቻቸውን ለገበያ አቅርበዋል። ሌላው መንገድ ረቂቁን መርምሮ የሚቀበል፣ ወጪውን የሚችል፣ ለደራሲውም ከሽያጩ ድርሻ የሚከፍል አሳታሚ ድርጅት ሲሆን፣ በደርግ ዘመን የመንግሥት የነበረው ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ለዚህ ተጠቃሽ ነው። በኩራዝ እንደ አማረ ማሞ ያሉ አርታዒያን ረቂቅን ቃል በቃል እያነበቡ ከደራሲው ጋር ይሟገቱ ነበር። በዚያው ዘመን ግን ከኅትመት በፊት የመንግሥት ምርመራ፣ ማለትም ሳንሱር፣ ስለነበረ ብዙ ጽሑፍ ተቆርጧል፣ ታግዷልም። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ሳንሱርን ማስቀረቱ ለደራሲው ትልቅ ድል ነው። የሚያሳዝነው፣ የቀድሞዎቹ አሳታሚዎች እየተዳከሙ ሲሄዱ፣ ከሳንሱር ጋር ፈጽሞ ሊምታታ የማይገባው አርታዒም አብሮ ከሂደቱ መውጣቱ ነው። ሳንሱር የመንግሥትን ሥልጣን ሲጠብቅ፣ አርታዒ የሚጠብቀው የመጽሐፉን እውነትና የአንባቢውን እምነት ነው።

የአርታዒ አለመኖር በማንኛውም ልብ ወለድ ላይ ጉዳት ቢያደርስም፣ በታሪካዊው ላይ የሚያደርሰው ግን የተለየ ነው። ለምሳሌ አንድ ደራሲ በ1850ዎቹ በጎንደር አካባቢ የሚፈጸም ትዕይንት ሲጽፍ፣ ጀግናው ከባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ፈረሱን አስሮ ወደ ቤት እንዲገባ፣ የቤቱ እመቤትም ቡና አፍልታ እንድትጠብቀው ሊያደርግ ይችላል። ትዕይንቱ ለዛሬ አንባቢ የታወቀና የሚያምር ቢመስልም፣ ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1880ዎቹ ሲሆን፣ ቡና መጠጣትም በሰሜኑ ክርስቲያን ማኅበረሰብ ዘንድ ለረጅም ጊዜ የሚነቀፍ ነገር ሆኖ ቆይቶ በስፋት የተለመደው ወደ 19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው። እንዲህ ያለውን ስሕተት ፊደል አራሚ አይይዘውም፤ ፊደሉ ሁሉ ትክክል ነውና።

የዘመን አቆጣጠሩም ሌላ ወጥመድ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን የሰዉት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሲሆን፣ በአውሮፓውያን መጻሕፍት ይኸው ቀን ኤፕሪል 13 ቀን 1868 ተብሎ ይገኛል። በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ስለሆነ፣ ከዜና መዋዕልም ከፈረንጅ ተጓዦች ማስታወሻም እያጣቀሰ የሚጽፍ ደራሲ አንዱን ምዕራፍ በአንዱ፣ ሌላውን በሌላው አቆጣጠር አስልቶ ገጸ ባሕርዩን ከመወለዱ በፊት ሊያዘምተው ይችላል። መድኃኒቱ ረቂቁ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት፣ ዘመኑን ጠንቅቆ የሚያውቅ አንድ ባለሙያ ከፍሎ ማስነበብ፣ ደራሲውም ራሱ በስድስት ኪሎው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወይም በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት በወመዘክር ቁጭ ብሎ ምንጮቹን ማገላበጥ ነው። በዚህ ሥራ ላይ የሕግ ጉዳይም ይነሣል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ለጽሑፍ ሥራ ጥበቃ የሚሰጠው ደራሲው በሕይወት ባለበት ዘመንና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ሲሆን፣ የሚጠብቀውም አገላለጹን እንጂ የታሪኩን ሐቅ አይደለም። ስለዚህ የአድዋን ጦርነት መተረክ የማንም ፈቃድ ባያስፈልገውም፣ የአንድን የታሪክ ጸሐፊ አንቀጽ እንዳለ ወስዶ በገጸ ባሕርይ አፍ ማስነገር መብት መጣስ ነው።

«ለአርታዒ የሚከፈል ገንዘብ ከየት ይመጣል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ መልሱን በስሌት ማየት ይቻላል። አንድ ደራሲ 2,000 ቅጂ ለማሳተም ለእያንዳንዱ ቅጂ 160 ብር ይከፍላል፣ የመጽሐፉም የሽፋን ዋጋ 400 ብር ነው፣ አከፋፋዩ ደግሞ 35 በመቶውን ይወስዳል ብለን ብናስብ፣ ከአንድ ቅጂ ለደራሲው የሚደርሰው 260 ብር ስለሚሆን የ320,000 ብሩን የኅትመት ወጪ ለመመለስ 1,231 ቅጂ መሸጥ ይኖርበታል። ለአርታዒና ለታሪክ ባለሙያ 40,000 ብር ቢጨምር፣ መሸጥ ያለበት ቅጂ 1,385 ይሆናል። ልዩነቱ 154 ቅጂ ነው። በደማቅ የምረቃ ሥነ ሥርዓት ላይ ለአዳራሽና ለመስተንግዶ ብዙ ገንዘብ እያወጡ የአርታዒውን ክፍያ መቆጠብ ቅደም ተከተሉን ማዛባት ነው።

አርትዖት ወጪ የሚቀንስበት ጊዜም አለ። በኦፍሴት ማተሚያ አንድ ትልቅ ወረቀት በሁለቱም በኩል ታትሞ ሲታጠፍ በአብዛኛው 16 ገጽ ስለሚወጣው፣ 320 ገጽ ያለው መጽሐፍ በ20 እጥፋት ልክ ያልቃል፤ 324 ገጽ ከሆነ ግን ለአራቱ ገጾች ብቻ ሲባል ሌላ ፕሌት፣ ሌላ ወረቀትና ሌላ የማሽን ጊዜ ይጠየቃል። ወረቀት ከውጭ በውጭ ምንዛሪ በሚገባበት አገር አራት ገጽ የተንዛዛ ገለጻ መሰረዝ ለሥራውም ለኪስም ይበጃል።

ከኅትመት በኋላ ያለው ጉዞ ባጭሩ ይታወቃል፤ መጽሐፉ ለአከፋፋይ በዱቤ ይሰጣል፣ በየመደብሩና በአዟሪዎች እጅ ይዞራል፣ ሂሳቡም በርካታ ወራት ቆይቶ ይሰበሰባል። በዋሽንግተንና በአካባቢው ላሉ ኢትዮጵያውያን አንባቢዎች በመንገደኛ ሻንጣ የሚላከው ቅጂ ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ገንዘቡ ቶሎ ይመለሳል። ደራሲው የተረከበበትንና ያስረከበበትን ሰነድ በሥርዓት ካልያዘ ስንት ቅጂ እንደተሸጠ እንኳ ለማወቅ ይቸገራል።

በራስ ወጪ ማሳተም ከሌላው መንገድ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ውሳኔው ሁሉ በደራሲው እጅ መሆኑ ነው። ስለዚህ አዲስ ደራሲ በርካሽ የነጠላ ዋጋ ተማርኮ ብዙ ቅጂ በአንድ ጊዜ ከማሳተም ይልቅ፣ መጀመሪያ በጥቂቱ አሳትሞ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የታረመውን የመጽሐፉን ፋይል ከገጽ አቀናባሪው ተረክቦ በእጁ ማስቀመጥ ይጠቅመዋል። ታሪካዊ ልብ ወለድ አያቶቻቸው በሚተረከው ዘመቻ የነበሩ፣ የአንድን ደብር ወይም የአንድን ወንዝ ስም ከደራሲው በተሻለ የሚያውቁ አንባቢዎችን ማግኘቱ አይቀርም፤ እነርሱ የሚልኩት እርማት በሁለተኛው ኅትመት ሊገባ የሚችለው ፋይሉ ከተገኘና የመጀመሪያው ኅትመት በመጋዘን ካልተከማቸ ነው።