መርከቡ አይጠብቅም፤ የካሪቢያን ሽርሽር የመጀመሪያ ቀን ሒሳብ

በጅቡቲ በኩል ዕቃ ለሚያስመጣ ነጋዴ መርከብ ወደብ ላይ በቆመ ቁጥር ወጪው እንደሚያሻቅብ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ጭነታቸው ሰው የሆነው የካሪቢያን የሽርሽር መርከቦች ግን ሒሳቡን ከቀን ወደ ሰዓት አውርደውታል።

ለዚህ ዋነኛው ምሳሌ በአሜሪካ ፍሎሪዳ የሚገኘው የማያሚ ወደብ ነው። ወደቡ እ.ኤ.አ. በ2024 በተዘጋው የበጀት ዓመት ከ8 ሚሊዮን በላይ የሽርሽር መንገደኞች አስተናግዷል። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ንጋት 12 ሰዓት ገደማ ወደቡ የሚደርስ መርከብ የመጡትን መንገደኞች እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ያወርዳል፤ 5 ሰዓት ገደማ አዲሶቹን መቀበል ይጀምራል፤ 10 ወይም 11 ሰዓት ላይ ይነሳል። በዚህ መካከል ክፍሎች ይጸዳሉ፣ አንሶላ ይለወጣል፣ የሳምንት ቀለብ ይጫናል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ሥራ የጀመረችው «አይኮን ኦፍ ዘ ሲስ» ሙሉ ስትሆን እስከ 7 ሺህ 600 መንገደኞች ስለምትይዝ ሥራው የአንድን ትንሽ ከተማ ነዋሪ በአንድ ቀን እንደ መተካት ነው።

መንገደኛው የሚገባው በያዘው የቀጠሮ ሰዓት ነው። ትልቁን ሻንጣ በር ላይ ተሸካሚዎች ይረከቡታል፤ ክፍሉ የሚደርሰው አመሻሽ ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፓስፖርት፣ መድኃኒት፣ ገንዘብና የዋና ልብስ ከእጅ አይለዩም። የመኝታ ክፍሎች አብዛኛውን ጊዜ እስከ 7 ሰዓት ተኩል አይከፈቱም፤ ምሳው ግን በቲኬቱ ውስጥ የተካተተ ነው።

ፍተሻው ላይ ካውያና ሻማ ይያዛሉ። መጠጥም ቢሆን ብዙ ኩባንያዎች ለአንድ አዋቂ ከአንድ ጠርሙስ ወይን በላይ አያስገቡም። ምክንያቱ ከገቢ መዝገባቸው ይነበባል። ካርኒቫል ኮርፖሬሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ካገኘው 25 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ውስጥ ከቲኬት የመጣው 16.5 ቢሊዮኑ ነው። ቀሪው 8.5 ቢሊዮን ያህል፣ ማለትም ከገቢው አንድ ሦስተኛው፣ ከመጠጥ፣ ከቁማር፣ ከጉብኝትና ከመሳሰሉት የተሰበሰበ ነው። በመሆኑም ከደጃፉ ጀምሮ የመጠጥ ጥቅልና የልዩ ምግብ ቤት ሽያጭ ይጦፋል። ተመሳሳዩን ጥቅል ከጉዞው በፊት መግዛት ብዙ ጊዜ ይረክሳል። መርከቡ ላይ በጥሬ ገንዘብ ስለማይገበዩ የክፍያ ካርድ ይመዘገባል። ካርዱ የባንክ ሒሳብ የሚቀንስ ዓይነት ከሆነ በመያዣነት የሚቆለፈው የራስ ገንዘብ ነውና ያስቡበት።

ከሁሉ የከበደው ኪሳራ ግን መዘግየት ነው። መርከቡ የተሳፋሪዎቹን ዝርዝር ከመነሳቱ 60 ደቂቃ በፊት ለአሜሪካ ጉምሩክና ድንበር ጥበቃ የማስተላለፍ ግዴታ ስላለበት ምዝገባው ከዚያ በፊት ይዘጋል። የቀረ ሰው በአብዛኛው የከፈለው አይመለስለትም፤ በራሱ ወጪ በሚቀጥለው ወደብ ልድረስበት ቢልም ኩባንያው መፍቀድ አለበት። ልምድ ያላቸው መንገደኞች ከዋዜማው ማያሚ ገብተው የሚያድሩት ለዚህ ነው። የአንድ ሌሊት ሆቴል ከሙሉ ቲኬት ይረክሳል።

ለኢትዮጵያውያን ሌላ ወጥመድ አለ። ከማያሚ ተነስቶ ናሳው ወይም ኮዙሜል ደርሶ የሚመለስ መርከብ ከአሜሪካ ወጥቶ እንደገና እንደ መግባት ይቆጠራል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠውን የጎብኚ ቪዛ የሦስት ወርና የአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ እንዲሆን ወስናለች። ዋሽንግተን ያሉ ልጆች ሊጠይቋቸው የመጡ እናት አባታቸውን ለማስደሰት ቲኬት ቢገዙ ወላጆቹ በሩ ላይ ሊመለሱ ይችላሉ። ቪዛው ብዙ ጊዜ የሚያስገባ መሆኑን፣ ደሴቶቹም የራሳቸውን ቪዛ ይጠይቁ እንደሆነ ማጣራት ከክፍያ በፊት ነው።

የመጨረሻው ግዴታ የአደጋ ጊዜ ልምምድ ነው። «ኮስታ ኮንኮርዲያ» እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13 ቀን 2012 ጣሊያን ጂልዮ ደሴት አጠገብ ከዐለት ተጋጭታ 32 ሰዎች ሲሞቱ፣ በዚያው ዕለት የተሳፈሩት በመቶ የሚቆጠሩ መንገደኞች ገና ልምምዱን አላደረጉም ነበር። ያኔ ሕጉ 24 ሰዓት ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ልምምዱ ከመነሳት በፊት ወይም ወዲያው እንደተነሱ እንዲሆን ተደንግጓል። ዛሬ ብዙ መርከቦች ላይ ትምህርቱን በስልክ አይቶ የተመደበበት ቦታ ሄዶ መታየት ይበቃል፤ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው። ያን ቀን ከሚሸጠውና ከሚገዛው ሁሉ ዋጋ የማይጠየቅበት እሱ ብቻ ነው።