እውነት ወይስ ተረት? የቢል ቪዮላ ውሃ

ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ በኦሎምፒክና በዊትዎርዝ መካከል ባለችው ትንሿ ኢትዮጵያችን፣ ቡና ሲፈላ ወሬም አብሮ ይፈላል። በቀደም አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲጠበቅ፣ ፊልም የሚማር አንድ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየን። ልብሱን እንደለበሰ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ነው፤ እጆቹን ዘርግቶ፣ በዝግታ፣ ላባ ሲወርድ እንደምናየው ዓይነት ዝግታ፣ ወደ ታች ይሰጥማል። ወዲያው ሁሉም ተንታኝ ሆነ። “የሠራው ቡድሂስት መነኩሴ ነው” ያለ አለ። “ምን መነኩሴ? ኮምፒውተር ነው እንጂ!” ያለ አለ። “ኢሉሚናቲ” ያለም አልጠፋ፤ እሱን እንለፈው። አንዲት እናት ብቻ ስልኩን ተቀብለው ዓይናቸው ሥር አስጠጉና “ልጄ፣ ይሄማ ፀበል ነው” አሉ።

ሳቅን። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ከሁላችን ይልቅ ለነገሩ የቀረቡት እሳቸው መሰሉኝ።

ቪዲዮውን የሠራው ሰው ቢል ቪዮላ ነው። በ1951 (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኒው ዮርክ ኩዊንስ ውስጥ ተወለደ፤ በ1973 ከሲራኪዩዝ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። ቪዲዮን እንደ ሸራና እንደ ቀለም ከያዙት ሰዎች ግንባር ቀደሙ እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከ1981 ጀምሮ እስኪሞት የኖረው እዚሁ እኛው ጋ፣ ሎንግ ቢች ነው፤ የ405 አውራ ጎዳና መኪና ካላጨናነቀው ከእኛ ሰፈር አንድ ሰዓት አይሞላም። ሐምሌ 2024 በአልዛይመር ሕመም ጦስ በ73 ዓመቱ አረፈ። የ25 ዓመት ሥራውን የሚያሳየው ትልቅ ዐውደ ርእይም በ1997 ለመጀመሪያ ጊዜ የተከፈተው በላክማ፣ ማለትም በሎስ አንጀለስ ካውንቲ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነበር። ላክማ ከእኛ ጀበና ተነስቶ ፌርፋክስን ይዞ ወደ ሰሜን ለሚራመድ ሰው ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ያኔ ሰፈራችን “ትንሿ ኢትዮጵያ” የሚለውን ስም ገና አላገኘም፤ ከተማው ያጸደቀልን በ2002 ነው።

ተረት፦ መነኩሴ ነበር፤ ዓለምንና ማሽንን ንቆ ጃፓን ገዳም ገባ።

ጃፓን መሄዱ እውነት ነው። በ1980 ለባህል ልውውጥ በተሰጠ የነፃ ትምህርት ዕድል ከኪራ ፔሮቭ ጋር ሄደ፤ ዓመት ተኩል ተቀመጡ። በዚያ ዳየን ታናካ ከሚባሉ የዜን መምህር እግር ሥር ተቀምጦ ተማረ። ነገር ግን አልመነኮሰም። ባለትዳር ነበር፤ የሁለት ልጆች አባት ሆነ፤ ኪራ ፔሮቭም ሚስቱ ብቻ ሳትሆን እስከ መጨረሻው ሥራውን ያስተዳደረች፣ አብራው የሠራች አጋሩ ናት።

ማሽንን ናቀ የሚለው ደግሞ ጭራሽ የተገላቢጦሽ ነው። በዚያው የጃፓን ቆይታው በአትሱጊ የሚገኘው የሶኒ ቤተ ሙከራ እንግዳ አርቲስት አድርጎ ተቀብሎታል። አስቡት፤ በአንድ በኩል ተቀምጦ ትንፋሹን የሚያዳምጥ ተማሪ፣ በሌላ በኩል ዓለም ገና ያላያቸውን የቪዲዮ መሣሪያዎች ከመሐንዲሶች ጋር የሚሞክር ባለሙያ። “ሃትሱ ዩሜ” (የዓመቱ መጀመሪያ ሕልም ማለት ነው) የተባለው የ1981 ሥራው የተወለደው ከዚህ ጥምረት ነው። ለእሱ ሁለቱ የተለያዩ አልነበሩም። ካሜራም እንደ ዜን ተማሪ ሳያርፍ የሚያይ ነገር ነውና።

ተረት፦ ሌላ ሃይማኖት አያውቅም፤ ሥራው ሁሉ የቡድሃ ስብከት ነው።

ሥራዎቹ ውስጥ የቡድሃን ምስል የሚፈልግ ሰው ባብዛኛው ባዶ እጁን ይመለሳል። በ1982 ላዳክ ወጥቶ የቲቤት ቡድሂስቶችን ገዳማት አይቷል፤ በ1984 ደግሞ ፊጂ ሄዶ በፍም ላይ የሚራመዱ ሂንዱዎችን ቀርጿል። በ1983 የሠራት ክፍል መታሰቢያዋ ለስፔናዊው የካቶሊክ መነኩሴ ለመስቀሉ ዮሐንስ ነው። በ2007 ቬኒስ ውስጥ በጥንታዊዋ በሳን ጋሎ ቤተ ክርስቲያን ያቆመው “ዳርቻ የሌለው ውቅያኖስ” ስሙን ያገኘው ከሱፊው ከኢብን አረቢ ነው። መነሻው ደግሞ የሴኔጋሉ ባለቅኔ ቢራጎ ዲዮፕ ስለ ሙታን የጻፈው ግጥም ነው። በዚያ ሥራ ሙታን ከጨለማ ይመጣሉ፤ ዓይን የማያየውን የውሃ መጋረጃ ሰንጥቀው ለአፍታ ወደ ብርሃንና ወደ ቀለም ይወጣሉ፤ ከዚያ ተመልሰው ይሄዳሉ።

“ታዲያ ከየሃይማኖቱ ደጅ የሚቃርም ቱሪስት አይደለም ወይ?” ብትሉኝ አልቆጣም። እኔም እንዲያ ስል ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ኋላ የማነሳው የ1998ቱ ነገር ነው።

ተረት፦ ኮምፒውተር ነው ያዘገየው።

አይደለም። በ1995 አሜሪካን ወክሎ በቬኒስ ቢዬናሌ ያቀረበውን “ሰላምታ” የተባለ ሥራ እንውሰድ። ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሦስተኛዋ ትመጣለች፤ ንፋስ ቀሚሳቸውን ያርገበግባል፤ አንዷን ታቅፋለች፣ አንድ ነገር ታንሾካሹካለች። ሌላ የለም። ድርጊቱ የፈጀው 45 ሰከንድ ያህል ሲሆን የምናየው ግን ወደ 10 ደቂቃ ነው። ምሥጢሩ ካሜራው ላይ ነው፦ ተራ ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ሲያነሳ፣ ይህ በሰከንድ 300 ፍሬም በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ አነሳ። በተለመደው ፍጥነት ሲታይ አንዷ ሰከንድ ከ12 ሰከንድ በላይ ትሆናለች። ስለዚህ በመሀል የተፈበረከ ምስል የለም፤ ሁሉም በእውነት የነበረ ቅጽበት ነው፤ ዓይናችን ግን ደርሶበት አያውቅም።

በሚቀጥለው ቡና ላይ ይህን ስነግራቸው ፊልም የሚማረው ልጅ “የእኔም ስልክ 240 ፍሬም ያነሳል እኮ” አለ። እውነቱን ነው። መሣሪያው ዛሬ በሁላችን ኪስ አለ፤ አሥር ደቂቃ ሙሉ አንድ ሰላምታ ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው ነው የጠፋው።

ነገሩ የማን ሰላምታ እንደሆነ ስነግራቸው ደግሞ ቤቱ ዝም አለ። ቪዮላ የተነሳው ጣሊያናዊው ፖንቶርሞ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከሣለው ሥዕል ነው፤ ሥዕሉም እመቤታችን ኤልሳቤጥን ልትጠይቅ የሄደችበትን ቀን ያሳያል።

ተረት፦ ውሃ የሚደጋግመው ልጅ ሳለ ሰጥሞ ስለደነገጠ ነው።

ግማሹ እውነት ነው። በስድስት ዓመቱ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ እስከ ሥር ወርዷል፤ አጎቱ ጎትተው አወጡት። ድንጋጤ ግን አልነበረም። ቪዮላ ዕድሜውን ሙሉ ሲያወራው የኖረው ስለ ውበቱ ነው፦ ሰማያዊ ብርሃን፣ የሚወዛወዝ ሣር፣ ሰላም። “ገነትን አየሁ” እንደሚል ሰው ነበር የሚተርከው። በ1996ቱ “መሻገር” ውስጥም አንድ ሰው ከሩቅ ወደ እኛ እየተራመደ መጥቶ ይቆማል፤ በአንደኛው ገጽ ከላይ የሚወርድ ውሃ፣ በሌላኛው ከታች የሚነሳ እሳት ይውጠዋል። ሁለቱ ጸጥ ሲሉ ሰውየው የለም። ሬሳም የለም። ጥምቀት ለለመደ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

የሚከብደኝ ሌላ ሥራው ነው። በ1992 የሠራው “የናንት ትሪፕቲክ” ሦስት ገጽ አለው፦ በግራ አንዲት ሴት ስትወልድ፣ በመሀል ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ሰው፣ በቀኝ የገዛ እናቱ በሞት አልጋቸው ላይ። ሰዎች “እናቱን ለኤግዚቢሽን አዋለ” ይላሉ፤ ይህ ተረት ነው ብዬ ላባብላችሁ አልችልም። እናቱን ቀርጿል፤ አሳይቷል። በእኛ ወግ የሚያጣጥር ሰው ፊት ላይ ካሜራ መደገን ነውር ነው፤ እኔም ውስጤ እሺ አላለም። ይሁንና ቡድሂስቶች ሞትን ፊት ለፊት እያዩ ማሰላሰልን ትምህርት አድርገው ይዘውታል። የእኛም አባቶች ሲመነኩሱ በቁማቸው ፍትሐት ይደገምላቸው የለ? ቪዮላ ከዜን ያገኘው አንድ ነገር ቢኖር ዓይንን ከሞት ያለማሸሽን ልማድ ነው። ነውሩ ግን በእኔ ዘንድ አልጠፋም፤ ሁለቱም አብረው አሉ።

ተረት፦ እንዲህ ያለ ሥራ ቤተ ክርስቲያን አይገባም።

ገብቷል፤ ታሪኩ ግን ከሙዚየም ይጀምራል። በ1998 ቪዮላ እዚሁ ጌቲ የምርምር ተቋም ውስጥ፣ የድሮ ሠዓሊዎች ሐዘንንና ስቃይን እንዴት እንደሣሉ ያጠና ነበር። አባቱ በሞት አፋፍ ላይ በነበሩበት በዚያ ሰሞን ቺካጎ ሙዚየም ገባ፤ ከሠዓሊው ከዲሪክ ባውትስ የሥዕል ቤት ከወጣች አንዲት የምታለቅስ ማርያም ፊት ቆመ። እንባው መጣ፤ ማቆምም አቃተው። ያን ቀን ሥዕልን “ከማድነቅ” ወደ “መጠቀም” ተሻገርኩ ብሎ በተለያየ ጊዜ ተናግሯል። የጌቲ ሙዚየም አዞት በ2002 የሠራው “መውጣት” የዚህ ልጅ ነው፦ ከእብነ በረድ ገንዳ ውሃ ሞልቶ ይፈስሳል፣ የገረጣ ወጣት ከውስጡ ይነሳል፣ ሁለት ሴቶች ተቀብለው ያስተኙታል። መነሻው ማሶሊኖ በ1424 የሣለው የግድግዳ ሥዕል ነው። ትንሣኤ ነው? ልደት ነው? ግንዘት ነው? እኔ ሦስቱንም አየሁበት።

ሥዕል ፊት ማልቀስ የቺካጎ ሙዚየም ዘበኛን ግራ ያጋባ ይሆናል። መጋረጃው ተገልጦ ሥዕለ ማርያምን ለተሳለመ፣ ቅዳሴ ቆሞ ላስቀደሰ ሰው ግን ምኑም አዲስ አይደለም። ፈረንጅ ዜን ድረስ ሄዶ የፈለገው አተያይ ለእኛ እናቶች የዘወትር ነው። ለዚያም ነው “ፀበል ነው” ያሉትን ሴት ወደ እውነት ቀረቡ ያልኩት።

በ2014 ደግሞ የለንደኑ ቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል “ሰማዕታት” የተባለውን ሥራውን ተቀበለ፤ በ2016 “ማርያም” ተከተለች። ሰማዕታቱ አራት ናቸው፤ አንዱን አፈር፣ አንዷን ንፋስ፣ አንዱን እሳት፣ አንዱን ውሃ ሲፈትናቸው ሰባት ደቂቃ ያህል ድምፅ ሳይኖር ይታያሉ።

ይህን ለእናታችን ነገርኳቸው። ስልኩን እንደገና ተቀበሉኝና አራቱን አንድ በአንድ አዩ።

“ስማቸው ማን ማን ይባላል?”

“ስም አልሰጣቸውም፣ እማማ።”

ቅር አላቸው። “ስሙን ሳላውቅ ታዲያ ማን ብዬ ልለምነው?” ብለው ስልኩን መለሱልኝ። በረካው ተቀዳ፤ መልስ የሰጣቸው አልነበረም።